ከመነሻ እስከ ግብ፦ የተማሪ ዕድገትና የመምህር ምዘና በጋሞ ዞን

የመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የቆየ ሥርዓት ነው። በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ መምህር በዓመቱ መጀመሪያ ባቀረበው ዕቅድ መሠረት ይመዘናል፤ የሚያገኘው ነጥብም በግል ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር በሚዘልቀው የደረጃ ዕድገት መሰላል ላይ መቼ እንደሚወጣ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይሆናል። የምዘናው መልክ ባለፉት አሥርት ዓመታት ተለዋውጧል፤ በአንድ ወቅት ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦችና ርዕሰ መምህሩ የየራሳቸውን ነጥብ ይሰጡ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ደግሞ በሲቪል ሰርቪሱ ውስጥ በተስፋፋው «ውጤት ተኮር» ሥርዓት አማካይነት ቅጹ በግብ፣ በተግባርና በክብደት ተከፋፍሎ ቀርቧል። ቅጹ ቢለዋወጥም በመምህራን ዕቅድ ውስጥ በየዓመቱ ተደጋግሞ የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም ሃምሳና ከዚያ በላይ የሚያመጡ ተማሪዎችን ከዚህን ያህል በመቶ ወደዚህን ያህል በመቶ ማድረስ የሚለው ነው።

ይህ ዓረፍተ ነገር የሚለካው ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ የደረሱበትን ቦታ እንጂ መምህሩ ከየት አንሥቶ እስከ የት እንዳደረሳቸው አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ተቀራራቢ ቢመስሉም በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመምህሩን ሙያዊ ክብርም ሆነ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ዕጣ የሚነካ ነው። የተማሪ የዕድገት ግብ የሚባለው የምዘና ስልት የመጣው ይህን ልዩነት ለመያዝ ሲሆን፣ ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ የተማሪዎቹን ትክክለኛ መነሻ ለክቶ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ወደፊት እንደሚያራምዳቸው ግብ አስቀምጦ፣ በመጨረሻ በተመሳሳይ መለኪያ መልሶ መለካት ማለት ነው። በሁለት የጊዜ ነጥቦች መካከል በተማሪው ዕውቀትና ክህሎት ላይ የታየው ለውጥ ዕድገት ይባላል።

ስልቱ በስፋት የተሞከረው በአሜሪካ ነው። በኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው የዴንቨር ከተማ የትምህርት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ በጀመረው ሙከራ እያንዳንዱ መምህር ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ለተማሪዎቹ ግብ እንዲያስቀምጥ አድርጓል። ቴነሲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ በዚያ የተማሪዎች የፈተና ውጤት ዓመት በዓመት እየተመዘገበ፣ ዊሊያም ሳንደርስ በተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ቀመር አማካይነት የመምህሩ ድርሻ ተነጥሎ እንዲሰላ ተደርጓል። ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሕግ የዘረጋችው ሥርዓት ደግሞ መምህሩ ሦስት ዓይነት ግቦችን እንዲያወጣ ይጠይቃል፤ አንደኛው አቅማቸውን ሙሉ በሙሉ ላልተጠቀሙ ጥቂት ተማሪዎች፣ ሁለተኛው ለመላው ክፍል፣ ሦስተኛው ከባልደረቦች ጋር በጋራ የሚወጣ ነው። ከሦስቱ መንገዶች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የሚቀርበው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ውስብስብ ቀመርም ሆነ ሀገር አቀፍ የመረጃ ቋት ሳያስፈልገው መምህሩ ክፍሉን ቀርቦ እንዲያውቅ ያስገድዳል።

የሐሳቡ ፍትሐዊነት ጎልቶ የሚታይበት አካባቢ ቢፈለግ የጋሞ ዞንን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ማግኘት ያስቸግራል። ዞኑ በ2011 ዓ.ም. ከቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። መልክዓ ምድሩ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ካላቸው የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ተነሥቶ እጅግ ከፍ እስካለው የጉጌ ተራራ ይወጣል። አርባ ምንጭ ከሴቻና ከሲቀላ ሰፈሮቿ ጋር፣ ከዩኒቨርሲቲዋና ከመምህራን ትምህርት ኮሌጇ ጋር ቆላው ላይ ስትገኝ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጨንቻ ግን በጭጋግ በተሸፈነው ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያም ባሻገር ወደ ዲታ፣ ወደ ቦንኬና ወደ ካምባ የሚወስዱት መንገዶች በክረምት የሚፈተኑ ናቸው። በሲቀላ አንድ ልጅ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ተከታትሎ፣ መብራት ባለበት ቤት አድጎ፣ የሚያስነብበው ወላጅ ወይም ታላቅ እኅት ኖሮት 1ኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። በደጋው ቀበሌ ያለ እኩያው በብዙ ሁኔታ መጽሐፍ በእጁ የሚይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ሁለቱን የሚያስተምሩ መምህራን በአንድ ዞን ትምህርት መምሪያ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዘናሉ።

ልዩነቱን ለማስረዳት ያህል እያንዳንዳቸው ሃምሳ ተማሪዎች ያሏቸውን ሁለት የ3ኛ ክፍል ክፍሎች በሐሳብ ማስቀመጥ ይቻላል። በደጋው ክፍል በጥቅምት ወር ሃያ ልጆች አንድም ቃል አያነቡም፣ ሃያ ልጆች የተወሰኑ ቃላትን እየቆጠሩ ያነባሉ፣ አሥሩ ደግሞ እየተረዱ ያነባሉ። በግንቦት ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ አሥራ አምስቱ ቀላል ዓረፍተ ነገር ማንበብ ሲጀምሩ፣ ከመካከለኞቹ ስምንቱ እየተረዱ ወደሚያነቡት ተሸጋግረዋል። በከተማው ክፍል በጥቅምት አርባ ልጆች እየተረዱ ያነቡ ነበር፤ በግንቦት አርባ አንድ ሆነዋል፣ የቀሩት ዘጠኙ ባሉበት ናቸው። በተለመደው አቆጣጠር የከተማው መምህር 82 በመቶ፣ የደጋው መምህር 36 በመቶ ያስመዘግባሉ፤ በምዘናው ስብሰባ ላይ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ተብሎ ማብራሪያ የሚጠየቀውም የደጋው ነው። ዕድገት ሲለካ ግን በደጋው ክፍል ሃያ ሦስት ልጆች አንድ ደረጃ ወደ ላይ ሲወጡ በከተማው የወጣው አንድ ብቻ ነው። የከተማው መምህር ሰነፍ ነው ለማለት ይህ አይበቃም፤ የተዘነጉ ዘጠኝ ልጆች መኖራቸው ግን በ82 በመቶው ተሸፍኖ ሊቀር የማይገባው እውነት ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት መነሻው ነው። መነሻን መለካት በጋሞ የታችኛው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል በቅርብ ሲታይ መምህሯ ክፍሉን የቤት ሥራ ሰጥታ፣ ወንበሯን ወደ በረንዳው አውጥታ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራች አንድ ገጽ ጽሑፍ ከፊታቸው ታኖራለች። ጽሑፉ በጋሞኛ የተጻፈ፣ ስለ ገበያ ወይም ስለ እንሰት የሚያወሳ አጭር ታሪክ ነው። በእጅ ስልኳ ሰዓት አንድ ደቂቃ ትይዛለች፤ ልጁ በጣቱ ፊደላቱን እየተከተለ ሲያነብ እርሷ በያዘችው ቅጂ ላይ የሳታቸውን ቃላት ትሰርዛለች፤ ደቂቃው ሲያልቅ የደረሰበትን ቃል አክብባ፣ ከታሪኩ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ በቃል ትጠይቃለች። አንዳንዱ ልጅ ገጹን በቃሉ ሸምድዶት ስለሚገኝ ዓይኑ ከወረቀቱ ውጭ ሆኖ «ያነባል»፤ ልምድ ያላት መምህር ይህን የምትለየው ከመስመሩ መካከል አንድ ቃል በጣቷ ነጥላ በማሳየት ነው። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሃምሳ ልጅ ያለበትን ክፍል ለመጨረስ ከሳምንት በላይ የየቀኑን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል። ይህ ጊዜ ባክኗል ሊባል አይገባም፤ መምህሯ በእነዚያ ቀናት ስለ ልጆቹ የምታውቀውን በወር ፈተና አታገኘውም።

በዚህ ነጥብ ላይ የጋሞ መምህራን ከሌሎች የባሰ ችግር አለባቸው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ችሎታ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ካሳየ በኋላ፣ በአሜሪካ ዕርዳታ በተካሄደው የንባብ ፕሮግራም አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው በሰባት ቋንቋዎች ነበር፤ እነርሱም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ናቸው። ጋሞኛ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም። በቃላት ብዛት በደቂቃ የሚገለጽ የክፍል ደረጃ መለኪያ ለጎረቤት ወላይታ ሲዘጋጅ፣ የጋሞ መምህር የ2ኛ ክፍል ልጅ በጋሞኛ በደቂቃ ስንት ቃል ቢያነብ በቂ እንደሆነ የሚነግረው ሰነድ አልደረሰውም። የወላይትኛን ቁጥር ለጋሞኛ መዋስ ደግሞ ቋንቋዎቹ እጅግ ቢቀራረቡም ጥንቃቄ ይሻል፤ በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን አዋሕዶ በአንድ መጽሐፍ ለማስተማር የተደረገው ሙከራ በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ መሰረዙ በአካባቢው የሚታወስ ነው።

መነሻው የሚለካበት ጊዜም በጋሞ እንደ ሌላው አካባቢ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ማስቃላ (መስቀል) በጋሞ የዘመን መለወጫ ያህል የሚከበር በዓል ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በተለይ በሽሮ ሜዳ አካባቢ በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች በብዛት ወደ ደጋው ቀያቸው የሚመለሱት በዚህ ወቅት ነው። በዓሉ አልፎ ሲመለሱ ከዘመድ ጋር ወይም በደላላ ተታልለው አብረዋቸው ወደ ከተማ የሚሄዱ፣ ከዚያም ከጉድጓድ መሸመኛው ሥር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ልጆች መኖራቸው ለዓመታት በሕፃናት መብት ተሟጋቾች ሲነገር ኖሯል። በመስከረም አጋማሽ የተለካ መነሻ ስለዚህ በጥቅምት ክፍል ውስጥ የማይገኙ ልጆችን ሊይዝ ይችላል፤ በጥቅምት መጨረሻ የተለካ መነሻ ደግሞ የሄዱትን ልጆች ከመቁጠር አስቀድሞ ይሰርዛቸዋል። ይህ የስሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ግቡ የሚሰላው ዓመቱን በጨረሱት ልጆች ብቻ ከሆነ ደካማ ተማሪ ትምህርት ሲያቋርጥ የመምህሩ አማካይ ውጤት ይሻሻላል፤ ማንም ሳያስበው ምዘናው የልጁን መሄድ ይሸልማል።

ለዚህ ችግር መልስ የሚሆን ልምድ በምዕራብ ኬንያ አለ። በቡሲያ አካባቢ በተማሪዎች የፈተና ውጤት ላይ ተመሥርቶ ለመምህራን ሽልማት የሚሰጥ ፕሮግራም በተሞከረ ጊዜ ፈተናውን ያልወሰደ ተማሪ ዝቅተኛ ውጤት እንዳመጣ ተቆጥሮ እንዲሰላ ተደርጓል፤ በዚህም መምህሩ ደካማውን ልጅ ከፈተና ቀን እንዲያርቅ የሚገፋፋው ምክንያት ተወግዷል። ይሁን እንጂ የዚያው ፕሮግራም ሌላ ውጤት አሳሳቢ ነበር፤ ውጤቱ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ከፍ ቢልም መምህራን የፈተና ማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ከማዘውተር በቀር ከሥራ ገበታ መቅረታቸውን ስላልቀነሱ፣ ሽልማቱ ሲቀር የተገኘው ጭማሪም አብሮ ቀርቷል። ልጅን ለአንድ ወረቀት ማዘጋጀትና ልጅን ማስተማር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ሌላው የጋሞ መምህር የሚጋፈጠው ጉዳይ የማስተማሪያ ቋንቋ ሽግግር ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለበርካታ ዓመታት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። ክፍልፋይን በጋሞኛ ጠንቅቆ የተረዳ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ክፍልፋይ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ የጠፋው ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው። የ4ኛ ክፍል የመጨረሻ ውጤት ለ5ኛ ክፍል መነሻ ተደርጎ ቢወሰድ ልጆቹ በጅምላ ወደ ኋላ የተመለሱ ይመስላል፤ ጥፋቱም በየዓመቱ በ5ኛ ክፍል መምህር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሽግግሩ በየትኛውም ክፍል ቢደረግ፣ በዚያ ክፍል የሚያስተምር መምህር የዕድገት ግብ ከቀዳሚው ዓመት ሮስተር ላይ የተቀዳ መሆን የለበትም፤ መነሻው በአዲሱ ቋንቋ፣ በዚያው ዓመት፣ በራሱ ክፍል መለካት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሥርዓቱን ሊያፈርሰው የሚችለው የነጥብ አሰጣጥ እውነተኛነት ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪዎች በነጻ እንዲዛወሩ የተፈቀደው መምህሩ በተከታታይ ምዘና ልጁን እየደገፈ ያበቃዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በተግባር ግን ተከታታይ ምዘና በብዙ ቦታ ነጥብ ማሟያ ሆኖ ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናውን ያላለፉት ወጣቶች ግን አብዛኞቹ በአሥራ ሁለት ዓመት ጉዟቸው በየክፍሉ «ሃምሳና ከዚያ በላይ» ተብለው በመምህራኖቻቸው ዕቅድ ውስጥ በተሳካ ግብነት የተመዘገቡ ነበሩ። መምህሩ ፈተናውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ፣ በውጤቱ ራሱ የሚመዘን ከሆነ የዕድገት ግብም ከዚህ አያመልጥም፤ እንዲያውም በጥቅምት ከባድ፣ በግንቦት ቀላል ፈተና ማውጣት ብቻ የሚፈለገውን «ዕድገት» ያስገኛል። ይህን ማለት መምህራንን መጠርጠር አይደለም፤ የደመወዝ ደረጃው በቁጥር ላይ የተንጠለጠለን ሰው ከዚያ ቁጥር ጋር ብቻውን መተው ኢፍትሐዊ መሆኑን ማመልከት ነው።

በሐቅ የተለካ ዕድገትም ቢሆን ሊሸከመው የማይችል ሸክም አለ። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ በተማሪዎች የፈተና ውጤት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ በመምህራን የሚገለጸው ከ1 እስከ 14 በመቶ ያህሉ መሆኑን አብዛኞቹ ጥናቶች እንደሚያሳዩ አስታውቋል፤ የቀረው ከቤት፣ ከጤና፣ ከትምህርት ቤቱ አደረጃጀትና ከሌሎች ምክንያቶች የሚመጣ ነው። በተጨማሪም በመጀመሪያው ልኬት በሕመም ወይም በረሃብ ምክንያት እጅግ ዝቅ ያለ ልጅ በሁለተኛው ልኬት ከፍ ማለቱ ያለ ማንም ጥረት ሊከሰት ስለሚችል፣ በአንድ ክፍል የአንድ ዓመት ለውጥ መምህርን ማሳደግ ወይም ማሳገድ አደገኛ ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በስድስት ወረዳዎች የተሞከረው የመምህራን የአፈጻጸም ውል የተማሪን መማር ከፍ ያደረገው ከተማሪ ውጤት ጎን የመምህሩን በክፍል መገኘት፣ ዝግጅቱንና የማስተማር ስልቱን አብሮ በመመዘኑና ተማሪዎችን በተመሳሳይ መነሻ ላይ ከነበሩ እኩዮቻቸው ጋር በማወዳደሩ ነው። በክፍል መገኘትን ከመምህር የሚጠይቅ አስተዳደር ግን ደመወዙን በወቅቱ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች በ2016 ዓ.ም. ደመወዝ ሲዘገይ ትምህርት መስተጓጎሉ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

ለጋሞ ዞን የሚበጀው አካሄድ እንግዲህ የዕድገት ግቡን ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከደረጃ ዕድገት ነጥብ ነጥሎ፣ መምህራን ለሙያቸው በየዓመቱ በሚያቅዱት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በዚያ ጊዜ ዝቅተኛ መነሻን በእውነት የሚመዘግብ መምህር የሚያጣው ነገር ስለማይኖር ቁጥሩ መታመን ይጀምራል። የሚያስፈልገው መዋቅር አብዛኛው አለ። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከላት ተደራጅተዋል፤ የአንዱ ትምህርት ቤት መምህር የጎረቤቱን ክፍል እንዲያስነብብ ሱፐርቫይዘሩ ማመቻቸት ይችላል። የአርባ ምንጭ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲው በጋሞኛ እኩል ክብደት ያላቸውን ሁለት ሁለት የንባብ ገጾች ለየክፍሉ ለማዘጋጀት፣ ከደጋና ከቆላ በተሰበሰበ ልኬት ላይ ተመሥርተውም የመጀመሪያውን የጋሞኛ ንባብ መለኪያ ለማውጣት የሚያስችል ሙያ አላቸው። የክፍሉ መነሻና ግብ ደግሞ በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ከሚቀመጥ ይልቅ በወላጅ፣ በተማሪና በመምህራን ኅብረት ፊት ቢነበብ ይመረጣል፤ የጋራ ጉዳዩን በዱቡሻ፣ በአደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ መምከር ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ አይሆንም። መነሻው ከማስቃላ በፊት ተለክቶ ስሙ የተመዘገበ ልጅ በኅዳር ከመቀመጫው ቢታጣ፣ ከዚያ ስብሰባ ላይ የት እንደሄደ የሚጠየቁት መምህሩ ብቻ ሳይሆኑ ወላጆቹና የቀበሌው አስተዳደርም ይሆናሉ።